118 መጠይቅ በአንድ ሌሊት 118,000 ሲሆን

ጥያቄው በላኪዋ ቃል፣ ትንሽ አሳጥሬው፣ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ላይ የትራንስፖርት ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ጽሑፌ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ሥራ ሲሄዱ በእግር፣ በባጃጅ፣ በታክሲና በብስክሌት መካከል እንዴት እንደሚመርጡ ነው። ገንዘብም ጊዜም ስላጠረኝ የጠየቅኩት 118 ሰው ብቻ ነው፤ ተከራይተው በሚኖሩባቸው 46 ክፍሎች ቤት ለቤት እየሄድኩ። በብስክሌት የሚሄዱት 7 ናቸው፤ ከነሱ ሴት አንዷ ብቻ ናት። መልቲኖሚያል ሎጂት ሳስኬድ የጊዜው ኮኤፊሸንት በደቂቃ −0.06 (ቲ −3)፣ የዋጋው በብር −0.12 (ቲ −1.5) ወጣ። አማካሪዬ ‹ናሙናሽ ትንሽ ነው፤ ቡትስትራፕ ሥሪበት› አለኝ። 1000 ጊዜ ዳግም ናሙና አውጥቼ፣ ሁሉንም ደራርቤ 118,000 መስመር ላይ ሞዴሉን ሳስኬደው የዋጋው ቲ −47 ሆነ። ደስ አለኝ፤ ግን ፈራሁም። ለየብቻ ሳስኬዳቸው ደግሞ 374ቱ ወይ ኮንቨርጅ አላደረጉም ወይ የ‹ሴት በብስክሌት› ኮኤፊሸንት ከ−15 በታች ሰጡኝ፤ ስለዚህ ጣልኳቸው። የጊዜ ዋጋ አማካዩም ከዜሮ በታች ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ለሙያው አዲስ ለሆነ አንባቢ ባጭሩ፦ መልቲኖሚያል ሎጂት ሰው ከብዙ አማራጮች አንዱን የመምረጥ ዕድሉን የሚገምት ሞዴል ነው። ኮኤፊሸንት ጊዜ ወይም ዋጋ ምርጫውን ምን ያህል እንደሚገፋ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ስታንዳርድ ኤረር የዚያ ቁጥር መዋዠቅ ነው፤ ቲ ደግሞ ኮኤፊሸንቱ ለስታንዳርድ ኤረሩ ሲካፈል ነው፣ ምልክቱን ትተን 2 ገደማ ሲደርስ ይታመናል። ቡትስትራፕ ከራሱ ከናሙናው ዳግም ናሙና እያወጡ መዋዠቁን መለካት ነው። ኮንቨርጅ አላደረገም ማለት ሶፍትዌሩ መልስ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። የጊዜ ዋጋ ሰው ጊዜ ለማዳን የሚከፍለው ብር ነው።

እህቴ፣ መፍራትሽ ደግ ነው። የ−47ን ነገር ኮምፒውተርሽን ሳላይ ከዚሁ ሆኜ ላሰላልሽ እችላለሁ። የ1000 ካሬ ሥር 31.6 ነው፤ 1.5ን በ31.6 አባዢው፣ 47 ይመጣል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን መስመር አዲስ ሰው ነው ብሎ ያምናል። መስመሩ ሺህ እጥፍ ሲሆንለት ስታንዳርድ ኤረሩን ለ31.6 ያካፍለዋል። ኮኤፊሸንቱ ራሱ ግን እዚያው −0.12 አካባቢ ቀርቷል፤ አይደል? ስለ ሠራተኞቹ አንድም አዲስ ነገር አልሰማንማ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ይህን ይዘሽ ፈታኞች ፊት ብትቀርቢና አንዱ «እነዚህን ሁሉ ሰዎች መቼ ጠየቅሻቸው?» ቢልሽ መልስ የለሽም።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። «ናሙናሽ ትንሽ ነው፤ ቡትስትራፕ ሥሪበት» የሚለው አነጋገር ራሱ ቡትስትራፕን የትንሽ ናሙና መድኃኒት ያስመስለዋል። ዳግም ናሙና ናሙናን አያሳድግም። ሥራው ሌላ ነው፤ ትንሹ ናሙናሽ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይነግርሻል። አንዳንዴ የሚነግርሽ ነገር ከሶፍትዌሩ ቲ የባሰ ነው፤ ያኔም እውነቱ እሱ ነው።

ዘዴውን በዕቁብ አስቢው። ዕቁብ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉም እስኪደርሰው ድረስ ተመልሶ ዕጣ ውስጥ አይገባም። ቡትስትራፕ ግን ዕጣው እየተመለሰ የሚወጣ ዕቁብ ነው። ስሞቹን ሣጥን ውስጥ ትከቻለሽ፤ አንድ ታወጪያለሽ፣ ትመዘግቢያለሽ፣ መልሰሽ ትከቻለሽ፣ ትነቀንቂያለሽ፣ ደግመሽ ታወጪያለሽ። የመጀመሪያው ናሙና ያህል እስኪሞላ። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይወጣም። በዚያ ናሙና ሞዴሉን ታስኬጂያለሽ፣ ኮኤፊሸንቶቹን ብቻ ትይዣለሽ፣ ናሙናውን ትጥያለሽ። ሺህ ጊዜ ስትደግሚው ሺህ የዋጋ ኮኤፊሸንት ይኖርሻል። የምትፈልጊው የነዚህን ሺህ ቁጥሮች ስፋት ነው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው የኮኤፊሸንትሽ ስታንዳርድ ኤረር ይሆናል። ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። ናሙናዎቹን መደራረብ የሚል ቃል የለበትም።

ታዲያ አማካሪሽ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። ሶፍትዌሩ ከሎጂት ጋር የሚያትመው ስታንዳርድ ኤረር የሚወጣው ላይክሊሁዱ (ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚለካው ቁጥር) ጫፉ ላይ ካለው ጉብታ ነው፤ ናሙናው በጣም ትልቅ ሲሆን ጉብታው የተስተካከለ ስለሚሆን ሒሳቡ ይሠራል። 118 ሰው፣ በዚያ ላይ አንዱን አማራጭ የመረጡት 7 ብቻ ሲሆኑ፣ ጉብታው በአንድ ወገን ገደል በሌላው ወገን ሜዳ ሊሆን ይችላል። ቡትስትራፕ የጉብታውን ቅርጽ አይጠይቅም። ስለዚህ ምክሩ ትክክል ነው፤ የቀረው አሠራሩን ማስተካከል ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ፤ አንቺ ጭራሽ ያልጠየቅሽውን። ሣጥኑ ውስጥ የከተትሽው ምንድነው? 118 ስም። እኔ ብሆን 46 የክፍል ቁጥር ነበር የምከተው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዙሪያው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሠራተኞች አንድ ክፍል ተጋርተው ሲኖሩ አይተሻል፤ ራስሽ ገብተሽ ጠይቀሻቸዋል። አብረው ይነሳሉ። ባጃጅ ሲይዙ ተደምረው ነው። አንዷ «ዛሬ በእግር እንሂድ፣ ደሞዝ አልወጣም» ካለች ሁሉም በእግር ነው። ከአንድ ክፍል ሦስት ሰው ጠይቀሽ ሦስት ነጻ ምርጫ አገኘሁ ማለት አትችዪም፤ ምናልባት አንድ ተኩል ነው ያገኘሽው። ስሞችን ለየብቻ ዕጣ ስታወጪ ይህን ዝምድና ትበትኚዋለሽ፤ ስታንዳርድ ኤረሩም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ46 የክፍል ቁጥሮች እየመለስሽ 46 ጊዜ ታወጪያለሽ፤ የወጣውን ክፍል ነዋሪዎች በሙሉ ትወስጃለሽ። አንዱ ዳግም ናሙና 109 ሰው፣ ሌላው 125 ሰው ሊኖረው ይችላል፤ አይጨንቅሽ፣ እንዲያ መሆን አለበት። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ክፍል 12 ሁለት ጊዜ ከወጣ ሁለተኛውን አዲስ ቁጥር ስጪው። ለተራ ሎጂት ለውጥ አያመጣም። ኮኤፊሸንቱ ከክፍል ክፍል እንዲለያይ ወደሚፈቅደው ወደ ሚክስድ ሎጂት ስትሄጂ ግን ሶፍትዌሩ ሁለቱን አዋሕዶ እንደ አንድ ትልቅ ክፍል ይቆጥራቸዋል፤ ውጤቱም ይበላሻል። አር በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ አፖሎ የተባለውን የምርጫ ሞዴል ጥቅል የምትጠቀሚ ከሆነ ቡትስትራፑ ዕጣ የሚያወጣው በመለያ ቁጥሩ ነው፤ መለያው ላይ የክፍሉን ቁጥር ካስገባሽ ለመልቲኖሚያል ሎጂት ሥራሽን ያቀልልሻል።

በዚህ መንገድ ስትሠሪው የዋጋው ስታንዳርድ ኤረር አሁን ካለበት 0.08 ሊሰፋ ይችላል። አትደንግጪ። ድሮም እዚያው ነበር፤ የታየሽ ዛሬ ነው።

ወደ 374ቱ ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ በጣም የወደድኩት ቁጥር እሱ ነው። 118 ሰው ካለበት ሣጥን 118 ጊዜ እየመለስሽ ስታወጪ አንድ የተወሰነ ሰው ጭራሽ ሳይወጣ የመቅረት ዕድሉ 117 ለ118 ተካፍሎ፣ ውጤቱ 118 ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ 0.366 ይሆናል። ከሺህ 366 ማለት ነው። አንቺ 374 አገኘሽ። በአጋጣሚ አይደለም። እነዚያ 374 ዳግም ናሙናዎች በአብዛኛው ብቸኛዋ ብስክሌተኛ ሴት ያልወጣችባቸው ናቸው። እሷ በሌለችበት ናሙና ውስጥ ሴት ሆና ብስክሌት የመረጠች የለችም። ስለዚህ ላይክሊሁዱ የ«ሴት በብስክሌት» ኮኤፊሸንትን ወደ ታች በገፋው ቁጥር እየተሻለው ይሄዳል። −5 ቢሆን ደግ፣ −10 ቢሆን የተሻለ፣ −15 ቢሆን ደግሞ ከዚያም የተሻለ። መቆሚያ የለውም። አንዱ ሶፍትዌር ተስፋ ቆርጦ «ኮንቨርጅ አላደረገም» ይላል፤ ሌላው ደክሞት አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቁጥር ይሰጥሻል። የሁለቱም በሽታ አንድ ነው።

ይህ ከናሙናው ትንሽነት የመጣ እንዳይመስልሽ። 10,000 ሰው ጠይቀሽ ብስክሌተኛዋ ሴት አሁንም አንዷ ብቻ ብትሆን የመቅረት ዕድሏ ያው ወደ 37 በመቶ ነው። በክፍል ዕጣ ስታወጪም 45 ለ46 ተካፍሎ 46 ጊዜ ሲባዛ 0.364 ነው። ጉዳዩ አንድ ኮኤፊሸንት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መቆሙ ነው። ቡትስትራፑ ያንን ነው በሺህ ድምፅ የጮኸልሽ፤ አንቺ ደግሞ የጮኹትን አስወጥተሽ ዝም ያሉትን 626 አስቀረሽ። የቀሩት እሷ ቢያንስ አንዴ የወጣችባቸው ብቻ ናቸው። ከነሱ የምታወጪው ስፋት የማያጠራጥር ነገር ያስመስላል፤ ግን ጥርጣሬውን በእጅሽ ለቅመሽ ስላወጣሽው ነው።

ምን ይደረግ? ያንን ኮኤፊሸንት ከሞዴሉ አውጪው። ሁለተኛው መንገድ ዴቪድ ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ቅጣት የተጨመረበት ላይክሊሁድ ነው፤ ኮኤፊሸንቱ ወደማያልቅ ገደል እንዳይሮጥ ልጓም ያበጅለታል። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አንድ ሰው ላይ ስታትስቲክስ አይሠራም። ይልቅ ሄደሽ አነጋግሪያት። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ድሮም ያለባት ከተማ ናት። ታዲያ እሷ ለምን ጀመረች፣ ሌሎቹ ለምን ተዉት፣ ማታ ከፈረቃ ስትወጣ ምን ታደርጋለች? ከእሷ የምታገኚው አንድ ገጽ ጽሑፍ ከዚያ ኮኤፊሸንት የበለጠ ይናገራል።

የተጣሉ ዳግም ናሙናዎችን በተመለከተ ልማዴ አንድ ነው፤ ስንቱ እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ ጽሑፉ ውስጥ አስገባለሁ። ከሺህ አምስት ስድስት ቢሆን እዘግበውና አልፋለሁ። ሠላሳ አርባ ከሆነ ሞዴሉን እጠረጥራለሁ። ያንቺን የሚያህል ከሆነ ሞዴሉን እቀይራለሁ። ጾታውን ብታወጪም ትንሽ መውደቅ ይቀራል፤ ብስክሌተኞቹ 7 ስለሆኑ በስም ዕጣ ከሺህ ዳግም ናሙና 26 ያህሉ ላይ ሁለት ወይም ከዚያ ያነሱ ብስክሌተኞች ናቸው የሚወጡት። በሁለት ሰው የብስክሌት ኮንስታንት (ከጊዜና ከዋጋ ውጭ ለብስክሌት ያለው ጠቅላላ ዝንባሌ) እንጂ ሌላ ነገር አይገመትም። ስለዚህ ለብስክሌት ከኮንስታንት፣ ከጊዜና ከዋጋ ውጭ ምንም አትጨምሪበት።

ስለ ብስክሌት ካነሳን አይቀር፦ ከ118ቱ ብስክሌት ያላቸው ስንት ናቸው? የሌለው ሰው ብስክሌትን «አልመረጠም» አይባልም፤ ምርጫው ውስጥ አልነበረም። ለሁሉም ሰው አራቱንም አማራጭ ክፍት አድርገሽ ከሆነ ኮንስታንቱ እንዲያው ወደ ታች ይወርዳል። ቡትስትራፕ ይህን አያርመውም፤ ያንኑ ስህተት ሺህ ጊዜ በታማኝነት ይደግመዋል።

የጊዜ ዋጋው። 0.06 ለ0.12 ሲካፈል በደቂቃ 0.50 ብር፣ በሰዓት 30 ብር።  ታዲያ አማካዩ ለምን ከዜሮ በታች ሄደ? ችግሩ አካፋዩ ላይ ነው። ቲው −1.5 የሆነ ኮኤፊሸንት በኖርማል ስርጭት ካሰብነው ከሺህ ዳግም ናሙና 67 ያህሉ ላይ ዜሮን ተሻግሮ ምልክቱን ይቀይራል። ከሚሻገሩትም ከማይሻገሩትም አንዳንዶቹ ዜሮ አጠገብ ይወድቃሉ። የዋጋው ኮኤፊሸንት −0.001 ሲሆን የሰዓት ዋጋው 3,600 ብር ነው፤ +0.001 ሲሆን ከዜሮ በታች 3,600። እንዲህ ያለች አንዲት ቁጥር የመቶዎቹን አማካይ ጎትታ ትወስዳለች። ዳግም ናሙናውን 10,000 ብታደርጊውም አይረጋም፤ አካፋዩ ዜሮን መርገጥ የሚችል ሬሾ አማካይ የሚባል ነገር የለውምና። የማይኖርን ነገር ነበር ስትፈልጊ የነበረው።

አማካዩን ተዪና ደርድሪ። ሲደረድሩ ግን ብልሃት አለው። ከዜሮ በታች የወጡትን ሬሾዎች ታች አታስቀምጫቸው። አስቢው፤ የዋጋው ኮኤፊሸንት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሬሾው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ዜሮን ሲሻገር ነው በድንገት ከታች ብቅ የሚለው። ትርጉሙ ግን «ለዋጋ ደንታ የላቸውም» ነው፤ ያ ደግሞ ከትልቁ የጊዜ ዋጋ በላይ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የዋጋ ምልክታቸው የተቀየረውን ከሁሉም በላይ፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ አስቀምጫቸው። ከዚያ ከታች 25ኛውን ቁጥር አንብቢ፤ ከሺው ከታች 25 ከላይም 25 ሲቀነስ መካከሉ 95 በመቶ ነውና። ባንቺ ቁጥሮች፣ ሁለቱ ኮኤፊሸንቶች ዝምድና የላቸውም ብዬ ስገምተው፣ በደቂቃ 0.13 ብር አካባቢ ይመጣል፤ በሰዓት 8 ብር ገደማ። ከላይ 25ኛውን ስታነቢ ደግሞ ምልክታቸው ከተቀየረው ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ጣሪያ የለውም ማለት ነው። የሬሾን ወሰን በቀመር የሚያወጣውን የፊለር ዘዴ በወረቀት ብትሠሪውም ያንኑ 0.13 ይሰጥሻል፤ እኔም እሱን ሠርቼ ነው የነገርኩሽ።

እንግዲህ ጽሑፍሽ ውስጥ የሚገባው ዐረፍተ ነገር «የጊዜ ዋጋው በሰዓት 30 ብር ነው» የሚል አይደለም። «የነጥብ ግምቱ 30 ብር ነው፤ መረጃው የጊዜ ዋጋው ከ8 ብር በታች አይደለም ለማለት ያስችላል፣ ጣሪያውን ለመወሰን ግን አያስችልም» የሚል ነው። ፈታኝ ፊት ይህን መናገር ያሳፍራል ብለሽ ካሰብሽ፣ ከ−47 ጋር አወዳድሪው።

በነገራችን ላይ፣ ለከተማው አስተዳደርም ሆነ ለፓርኩ የሚጠቅመው የጊዜ ዋጋ ላይሆን ይችላል፤ «ባጃጅ 5 ብር ቢጨምር ስንቱ ወደ እግር ይመለሳል?» የሚለው ነው። ሬሾ ስለሌለበት ይህኛው ጥያቄ ለትንሽ ናሙና ይራራል፤ ድርሻ ምንጊዜም ከዜሮና ከመቶ መካከል ነው፣ ወደ 3,600 አይፈነዳም። በእያንዳንዱ ዳግም ናሙና ኮኤፊሸንቶች ድርሻውን አስልተሽ ሺውን ድርሻ ደርድሪ። ግምቱን ላሳይሽ። ግማሹ ሰው ባጃጅ ተጠቃሚ ነው እንበል፣ የሌሎቹ ዋጋ አልተነካም እንበል። 5 ብር ሲጨምር ዩቲሊቲው፣ ማለትም አማራጩ ለሰው ያለው ጥቅም በሞዴሉ ሚዛን፣ በ0.6 ይቀንሳል፤ የባጃጅ ድርሻ ከ50 ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። የዋጋውን ኮኤፊሸንት በሁለት ስታንዳርድ ኤረር ገደማ ወደ ታችና ወደ ላይ ስትወስጂው ግን ድርሻው ከ20 እስከ 55 በመቶ ይዘረጋል። 55 ማለት ዋጋ ጨምሮ ተሳፋሪ በዛ ማለት ነው፤ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ መረጃሽ ግን ብቻውን ሊከለክለው አቅም የለውም።

ይህ ሙያ በአደባባይ የተፈተነው በቲ ሳይሆን በድርሻ መሆኑን አትርሺ። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የሚባለው የከተማ ባቡር ሊከፈት ሲል ኦፊሴላዊው ትንበያ ከሠራተኛው 15 በመቶ ይጠቀምበታል የሚል ነበር። ዳንኤል ማክፋደን ዛሬ አንቺ የምታስኬጂውን ሎጂት ይዞ 6.3 በመቶ አለ። ተቆጥሮ ሲታይ 6.2 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ሲወስድ በዚህ ዘርፍ ሥራው ነው።

ቡትስትራፑን እንደገና ከማስኬድሽ በፊት አንድ ሌላ ነገር እንድትሠሪ እፈልጋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት አይወስድብሽም። ከ46ቱ ክፍሎች ተራ በተራ አንድ አንድ እያጎደልሽ በቀሩት 45 ሞዴሉን 46 ጊዜ አስኬጂው። ይህ ከቡትስትራፕ የሚቀድም ዘዴ ነው፤ ኬንዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ጀመረው፣ ጆን ቱኪ ደግሞ ለብዙ ነገር የሚሆን ስለመሰለው በኪስ ሴንጢ ስም ጃክናይፍ ብሎ ጠራው። የምትፈልጊው የትኛው ክፍል ሲጎድል የዋጋው ኮኤፊሸንት እንደሚዘል ነው። አንድ ክፍል ሲጎድል −0.12 የነበረው −0.05 ወይም −0.20 ከሆነ፣ የዚያን ክፍል መጠይቅ ከማኅደር አውጥተሽ በዓይንሽ እዪው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ እንዲሁ ስሠራ አንድ ቤት የጊዜውን ኮኤፊሸንት ብቻውን ግማሽ አደረገው። ወረቀቱን ሳወጣው «ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» ለሚለው ጥያቄ ሰውየው «ሁለት ሰዓት» ብለዋል። እሳቸው ከቤት የሚወጡበትን ነው የነገሩን፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት። መጠይቁን የሚሞላው ልጅ 120 ደቂቃ ብሎ መዘገበው። ቤታቸው ከሥራቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር። ሺህ ዳግም ናሙና ቢወጣ ሽማግሌው ከሺው በስድስት መቶ ሠላሳ ያህሉ ውስጥ 120 ደቂቃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

ያንቺም መጠይቅ ላይ እንዲህ ያለ አይጠፋም። ባጃጅን ኮንትራት ይዘው ሦስት ሆነው የሚሄዱት ዋጋውን ሲነግሩሽ የጠቅላላውን ነው ወይስ የየድርሻቸውን? 45 እና 15 በአንድ ዓምድ ተቀላቅለው ከገቡ የዋጋሽ ቲ ለምን 1.5 ላይ እንደቀረ ግማሹን ምክንያት አገኘሽ ማለት ነው።

ስለ ብዛቱ ባጭሩ፦ ለስታንዳርድ ኤረር 200 ዳግም ናሙና ይበቃል፤ ከላይ እንዳደረግነው ጫፍ ጫፉን ለማንበብ ግን 1000 ወይም 2000 ይሻላል። ከዚያ በላይ የኤሌክትሪክ ማባከን ነው። የዕጣውን መነሻ ቁጥር መዝግበሽ ያዢ፤ ነገ ስትደግሚው ያው ውጤት እንዲወጣ።

አሁን ደስ የማይልሽን። የዋጋው ቲ 1.5 ላይ መቅረቱ ካሳሰበሽ ዋናው መንገድ ተጨማሪ ሰው ነው። 2 ለማድረስ 2ን ለ1.5 አካፍለሽ ውጤቱን በራሱ አባዢው፤ 1.78። 118ን በ1.78 ስታባዢ 210። የጎደለሽ 92 ሰው ነው፤ በክፍል 2.6 ሰው እያገኘሽ ከሄድሽ 36 ክፍል። ሠራተኞቹ እሑድ ቤት ናቸው፤ ከአንድ ረዳት ጋር የሁለት እሑድ ሥራ ይመስለኛል። ዲግሪሽን አያዘገየውም።

ነገር ግን እነዚያኑ መንደሮች ደግመሽ አትሂጂባቸው። ከፓርኩ አጠገብ የሚኖሩት ሁሉ ለባጃጅ የሚከፍሉት አንድ ዓይነት ታሪፍ ነው። ዋጋው ከሰው ሰው ካልተለያየ ሞዴሉ የዋጋን ኃይል ከምን ይማረዋል? በዚያ ሁኔታ 500 ሰው ብትጨምሪም የምታገኚው ትንሽ ነው። ራቅ ያሉትን ፈልጊ፤ ከቱላ በኩል የሚመጡ፣ ከሐይቅ ዳር የሚመጡ፣ ሁለት ባጃጅ የሚቀያይሩ። ለነሱ ታሪፉም ጊዜውም ይለያያል፤ ከነሱ ሠላሳ ሰው ከጎረቤት መቶ ሰው ሊበልጥ ይችላል። ይህን ስታደርጊ ሩቁንና ቅርቡን ለየብቻ ሣጥን አድርጊ፤ ከየሣጥኑ ያለውን የክፍል ብዛት ያህል አውጪ። አለዚያ አንዳንዱ ዳግም ናሙና ሩቆቹን ሳይዝ ይወጣል።

መንገዱ ከከበደሽ ደግሞ ያሉትን 118ቱን ተመልሰሽ የ«ቢሆን» ጥያቄ ጠይቂያቸው፤ ባጃጁ 15 ቢሆን፣ 20 ቢሆን፣ ታክሲው በየአምስት ደቂቃው ቢመጣ። ከአንድ ሰው ስድስት መልስ ታገኚያለሽ፤ 708 መስመር ይሆናል። 708 ሰው ነው እንዳትይ ግን። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው አሁንም 46 የክፍል ቁጥር ነው።

አዲሱን መጠይቅ ስታትሚ «ስንት ሰዓት ይፈጃል» የሚለውን አውጥተሽ «ስንት ደቂቃ» በዪው፤ ከኮንትራት ጥያቄው ጎን ደግሞ «ለስንት ሰው?» የሚል አንድ ሳጥን ጨምሪ።